የጂዶ ሊጥና የተቆለፈው በር

ከቤሩት ወጣ ብሎ ዳሒዬ በሚባል ሰፈር፣ ከጦርነቱ በኋላ በታደሰ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ እሠራ ነበር። ማዳሜ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ በሩን ከውጭ ቆልፋ ቁልፉን በቦርሳዋ ይዛ ትወጣለች። ውስጥ የምንቀረው እኔና የባሏ አባት ነን። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ እግራቸው ስለደከመ ከወንበር የማነሳቸው እኔ ነኝ። ጂዶ እላቸዋለሁ፣ አያቴ እንደማለት። እኔ ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። የጠረግኩትን መልሼ እጠርጋለሁ፤ በረንዳ ወጥቼ መንገዱን አይቼ እመለሳለሁ፤ የበሩን እጀታ ነካ አደርጋለሁ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወለል ስወለውል የባልዲው ውሃ ብቻውን ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረ። ቀና ስል የሳሎኑ መብራት ይወዛወዛል። ጎረቤቶች ደረጃውን ሲወርዱ ሰማሁ። ዘልዬ በሩን በጡጫ ደበደብኩት። ማን ይሰማል! ሁሉም ነፍሴ አውጪኝ ላይ ነው።

ጂዶ ግን የመብራቱን ውዝዋዜ ይቆጥራሉ።

«አትፍሪ፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ። ይሄ ከሩቅ፣ ከጥልቅ የመጣ ነው። እስቲ ያን ሊጥ አምጪው።»

አሁን ትምህርት! ጠዋት ከፍሪዘር ያወጣሁትን ሊጥ አመጣሁላቸው። በቆጵሮስ በኩል ከባሕሩ ወለል በታች አንዱ የምድር ቅርፊት በሌላው ስር ገብቶ ይሰምጣል አሉኝ። ታች ግለቱ ድንጋይ ያለሰልሳል፤ የሚሰምጠው ግን ቅዝቃዜውን ይዞ ነው የሚወርደው። ሊጡን ሲያጎብጡት ዳሩ እሺ ብሎ ታጠፈ፣ ገና በረዶ የሆነው መሃሉ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

«ያኒ፣ ማለቴ፣ ሆዱ ገና ስላልሞቀ እዚያው ታች ይሰበራል። እኛ ጋ እስኪደርስ ይደክመዋል። የሚያስፈራው ከቅርብ፣ ከእግራችን ስር የሚነሳው ነው።»

«እሱ የመጣ ቀንስ?»

«ያላ፣ ወደ ደረጃው!»

«በየትኛው ቁልፍ ጂዶ?»

ቀና ብለው በሩን አዩ። የምድርን ሆድ የሚያውቁት ሰውዬ የገዛ በራቸውን አያውቁም ነበር። ደሜ ፈላ። ደግፌ በሩ ድረስ ወሰድኳቸው፤ እጀታውን ሁለቴ ሞከሩት።

ማዳሜ ከሰዓት ስትመለስ በሩን ለምን እንደምትቆልፍ ጠየቋት።

«ልጅቷ ብትጠፋብንስ?» አለች።

«እኔም እጠፋለሁ ብለሽ ነው የቆለፍሽብኝ?» አሉና ምግብ አልበላም አሉ።

በማግስቱ ቁልፉ ጂዶ ኪስ ውስጥ ነበር። እኔን አሁንም አላመነችኝም። ኸላስ፣ በቃ፣ ቁልፉ ቢያንስ ከውስጥ ሆነ።

ከወራት በኋላ፣ ቀትር ላይ፣ ሌላው መጣ። ይሄኛው ውዝዋዜ አያውቅም፤ ከስር ነበር የመታን። ሳህኖቹ ከመደርደሪያው ረገፉ። ጂዶ ቁልፉን ወረወሩልኝ።

«ሂጂ!»

እርስዎስ አላልኩም። ዛሬም ያሳፍረኛል። ከፍቼ በረርኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስደርስ እግሬ ቆመ። ከታች የሰው ጫጫታ ይሰማኛል፤ ከላይ ምንም አይሰማም። ራሴን አንጀቴ እስኪርስ ሰደብኩና ወደ ላይ ተመለስኩ። እንዳይዘጋ በሩ ላይ ወንበር አስደገፍኩና ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

«አብደሻል? ለምን ተመለስሽ?»

«በሩ ክፍት ነው ጂዶ፣» አልኳቸው።

እዚያ ቤት ሳልቁነጠነጥ የተቀመጥኩት ያን ቀን ብቻ ነው።