የቲቸር ውብነሽ የድሮ ድምፅ

ውብነሽ ድምፅዋን ያጣችው በሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። እንቅርቷ እያደር አድጎ ትንፋሽ ሲያሳጥራት ሐኪሞቹ በቀዶ ሕክምና ይውጣ አሉ። አጠገቡ የምታልፍ ቀጭን ነርቭ እንዳለች፣ እሷ ከተነካች ድምፅ ሊሄድ እንደሚችልም ሳይደብቁ ነገሯት። ፈርማ ገባች። ስትወጣ ትንፋሿ ተመልሷል፤ ድምፅዋ ግን የለም። ጨርሶ ዲዳ አልሆነችም። አየር የበዛበት፣ ሹክሹክታ የመሰለ ነገር ተርፏታል። ስድስት ወር ጠብቂ አሏት፤ ጠበቀች። ዓመት ጠብቂ አሏት፤ እሱንም ጠበቀች። ከዚያ ወዲያ የሚጠበቅ ነገር መኖሩን የነገራት ሰው የለም።

ሴትዮዋ ደግሞ አስተማሪ ናት። ሆሳዕና ከተማ ሃያ ዓመት አማርኛ ስታስተምር በአንድ ክፍል ሰማንያና ዘጠና ልጅ ይቀመጥ ነበር፤ የኋላ ወንበር ላይ ያለው ልጅ አልሰማሁም ብሎ አያውቅም። ሜዳ ላይ ኳስ የሚራገጡትን ከክፍሏ በር ሆና በስማቸው ስትጠራቸው ኳሷ ራሷ የምትቆም ይመስል ነበር። በዚያ ድምፅ የተነሳ የዞኑ የትምህርት ሬዲዮ መርጧት ሁለት ዓመት ትምህርት ቀድታለች። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከመጣች በኋላ ሥራዋ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሆነ። እዚያ ማሽኖቹ ስለሚጮኹ የማንም ድምፅ አይፈለግም።

ቅዳሜ ግን ሌላ ነበር። ዋይትሆርን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው የሰፈር አዳራሽ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጁን የሚያመጣበት የአማርኛ ክፍል ነበራት። አሥራ አራት ልጆች፣ ሁለት ሰዓት። ሳምንቱን ሙሉ የምትኖረው ለዚያች ሁለት ሰዓት ነው ብትባል አትቆጣም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስትመለስ ልጆቹ እንደ ድሮው ተንጫጩ። እሷ አፏን ከፈተች፤ የሰማት የለም። አጨበጨበች፣ ጠረጴዛ መታች። ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው እነሱም ጠረጴዛ መቱ። ክፍሉ ሲያልቅ ቁልፉን አንስታ ለናሆሚ ሰጠቻት። ናሆሚ ከተማሪዎቹ የአንዱ፣ የፋኑኤል እናት ናት፤ እዚሁ ካልጋሪ ተወልዳ ያደገች፣ ሳቫና ሰፈር አራተኛ ክፍል የምታስተምር ወጣት።

“ሌላ ሰው ፈልጉ” አለቻት።

“ኖ፣ ኖ፣ እትዬ ውብነሽ፣ ፕሊስ አይተዉት። እኔ ራሴ ክላስ ውስጥ አልጮህም እኮ። ላይክ… አንድም ቀን። ቱልስ አሉ። እስቲ አንድ ቅዳሜ ይስጡኝ።”

በሚቀጥለው ቅዳሜ ናሆሚ አንድ ቦርሳ ሙሉ ዕቃ ተሸክማ መጣች። ከሁሉ በፊት ኮሌታ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክና ወገብ ላይ የሚታጠቅ ድምፅ ማጉያ አወጣች። “ወደ አፍዎ በጣም አያስጠጉት፣ ትንፋሽዎ ብቻ ነው የሚሰማው። ከአገጭዎ አንድ ስንዝር ዝቅ” አለቻት። ቀጥላ ላፕቶፑን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኝታ ወደ ኋላ የሚቆጥር ትልቅ ሰዓት ግድግዳው ላይ አሳየች። “‘በቃ፣ ጊዜ አልቋል’ ማለት የሰዓቱ ሥራ ነው፤ እርስዎ ዝም ይበሉ።” ሌላው የክፍሉን ጫጫታ እየሰማ ቀለም የሚቀያይር ነገር ነበር፦ ዝም ሲሉ አረንጓዴ፣ ሲያወሩ ቢጫ፣ ሲጮኹ ቀይ። ልጆቹ ቀዩን አይተው እርስ በርስ “ሽሽሽ!” መባባል ሲጀምሩ ውብነሽ በወራት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። በመጨረሻ ኩዊዝ መጣ፦ ልጆቹ በታብሌታቸው ኮድ አስገብተው ይመልሳሉ፤ ያልገባው ማን እንደሆነ እሷ ብቻ በስልኳ ታያለች፣ የማንም ስም አይጠራም።

ውብነሽ ሁሉንም በደብተር ጻፈች። አንዷን ዘዴ ግን ራሷ ደረሰችባት። ከራሷ ላፕቶፕ ፊደል እያሳየች ሳለ ግድግዳው ላይ፣ ከ“ሸ” እና ከ“ቸ” መካከል፣ የባሏ የሀይሉ መልእክት ብቅ አለ፦ “ሽንኩርቱ ቀይ ይሁን ነጭ?” አሥራ አራቱም ልጆች “ቀይ! ነጭ!” እያሉ አዳራሹን አናወጡት። ማታ ደብተሯ ላይ “ፕሮጀክተር ከመክፈትሽ በፊት ኖቲፊኬሽን ዝጊ” ብላ በሁለት መስመር አሰመረችበት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ክፍሉ በእግሩ ቆመ፤ እንዲያውም ከድሮው ሳይሻል አልቀረም። እሷ ግን ልቧ አልሞላም። ማይኩ የሚያጎላው የተረፋትን ነበር፤ አዳራሹን ሞልቶ የሚመለሰው ያው ሹክሹክታ ነው። አንዳንዴ ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ባዶው አዳራሽ ውስጥ ቆማ፣ ማይኩን አጥፍታ፣ “ተማሪዎች!” ለማለት ትሞክራለች። አየር ይወጣል። ትስቅና ወንበር መደርደር ትቀጥላለች።

አንድ ቅዳሜ የፊርደውስ አባት ኑሩ ልጁን ሊወስድ መጥቶ በር ላይ ጠበቃት።

“ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ አይቀየሙኝም?”

“ምን ሆነ?”

“ፊርደውስ ቤት ውስጥ አማርኛ ጎበዝ አንባቢ ሆናለች፣ አልሐምዱሊላህ። ግን በሹክሹክታ ነው የምታነበው። ጮክ በይ እንጂ አልኳት። ‘ዳዲ፣ አማርኛ እንደዚህ ነው የሚነበበው፣ ኢንግሊሽ ነው ላውድ’ አለችኝ።” ኑሩ ሳቀ። የውብነሽን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠው።

ያን ሳምንት አንሶላ እያጠፈች ሌላ ነገር አላሰበችም። የገዛ በሽታዋን ለልጆቹ ቋንቋ አድርጋ አስተምራቸዋለች። አማርኛ ምን ያህል እንደሚጮህ፣ “ጠ” እና “ጨ” እንዴት እንደሚፈነዱ ከማን ይስሙ? ሐሙስ ዕለት በምሳ ሰዓቷ ለሞላልኝ ጻፈችለት፤ ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ ይቀዳት የነበረ፣ አሁን ጡረታ የወጣ ሰው ነው። “ከእነዚያ ካሴቶች አንድ እንኳ ተርፎ ይሆን?” አለችው።

መልሱ የመጣው በአሥረኛው ቀን፣ በቴሌግራም ነው። “አንዷን አገኘሁልሽ። መጀመሪያው ላይ ትንሽ ተበልቷል፤ ድምፅሽ ግን እንዳለ አለ።” ሃያ ሦስት ደቂቃ። የማጠቢያው ክፍል ጥግ ላይ ተቀምጣ የጆሮ ማዳመጫዋን ሰካች። “ጤና ይስጥልኝ ተማሪዎች። ደብተርና እርሳሳችሁን ይዛችሁ ወደ ሬዲዮው ቀረብ በሉ።” ወዲያው ከጆሮዋ ነቀለችው። የሰው ደብዳቤ ከፍታ ያነበበች መስሎ ተሰማት።

ትምህርቱ የስምንተኛ ክፍል ሰዋስው ስለነበር ለእነ ፊርደውስ አይሆንም። ይህን ለናሆሚ ስትነግራት ናሆሚ ትንሽ አመነታች።

“እትዬ ውብነሽ፣ አንድ ቱል አለ። ከዚህ ቅጂ ድምፅዎን ይማራል፤ ከዚያ እርስዎ የጻፉትን በዚያ ድምፅ ያነባል። የማሳይዎት የራስዎ ድምፅ ስለሆነ ብቻ ነው፣ ኦኬ? የሌላ ሰው ድምፅ ያለ ፈቃዱ አይነካም። የልጆቹን ደግሞ ኔቨር፣ ወላጆቹ እሺ ቢሉ እንኳ።”

እሑድ እኩለ ቀን ውብነሽ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፑን ከፍታ ብቻዋን ሞከረችው። ሀይሉ ምድር ቤት መደርደሪያ እየገጠመ ነበር። ምን ልጻፍ ብላ ብዙ አላሰበችም፤ ጣቷ ያመጣላትን ጻፈች። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋ ተጫነችው።

“ሀይሉ፣ ምሳ ቀርቧል!”

“መጣሁ!” አለ ሀይሉ ከታች።

መዶሻው ሲወድቅ ተሰማ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ፤ ስድሳን የተሻገረ ሰው ነው። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። አፏን አየ፣ አንገቷ ላይ ያለችውን ጠባሳ አየ፣ ከዚያ ላፕቶፑን።

“አንቺ አይደለሽም?” አላት።

“እኔ ነበርኩ” አለች በሹክሹክታ።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። “እስቲ ድገሚው።”

ደገመችው። እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እንደ ጸሎት አንገቱን ደፍቶ ሰማ። “አንድ ጊዜ ብቻ” አለ እንደገና። ሦስተኛውን ካሰማችው በኋላ ላፕቶፑን ዘጋችው። ምሳቸውን በሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ድምፅዋ አንድ ቃል ያልተነፈሰው ባሏ የለመደው ይመስላት ነበር። እንዳይነካባት ብሎ ናፍቆቱን ለብቻው ሲይዝ እንደኖረ ያን ቀን ገባት። ደግሞም፣ ብታፍርበትም፣ በዚያች ላፕቶፕ ቀናች። እንዲያ ሮጦ የመጣው ለእሷ አልነበረምና።

ቅዳሜ ሲደርስ አጭር ታሪክ ጽፋ መጣች። ልጆቹን ሰብስባ፣ “ይኼ የኔ የድሮ ድምፅ ነው። አማርኛ ጮክ ሲል እንዲህ ነው፤ ስሙ” አለቻቸው። ተጫነችው። አዳራሹ በዚያ በጠራ፣ በወፍራም ድምፅ ተሞላ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው አንዴ ግድግዳውን አንዴ እሷን ያያሉ። ፊርደውስ እጇን ሳታወጣ፣ “ቲቸር፣ ይቺ ማናት?” አለች። ድምፁ ግን ንባቡን ቀጥሎ “አባቴ ዋና ይወዳል” የሚለው ዓረፍተ ነገር ላይ ደረሰ። ደረሰና “ና”ን አጥብቆ አነበበው።

የጠበቀው “ዋና” የእንግሊዝኛው “እፈልጋለሁ” መስሎት ፋኑኤል ከወንበሩ ተነሳ። “አባቴ ዋና? አይ ዋና ምን? አይ ዋና ጎ ሆም!” ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

“ኖ!” ብላ ጮኸች ፊርደውስ። “ዋና አይደለም፣ ዋና! ዋ፣ ና! ስዊሚንግ! አባቴ ዋና ይወዳል!” በሆዷ ያለውን አየር ሁሉ አውጥታ ነው የጮኸችው። ግድግዳው ላይ ያለው ቀለም ቀይ ሆነ።

ውብነሽ ማይኩን አስተካከለች። “ጎበዝ ፊርደውስ። እሱ አጠበቀው፣ እኛ እናላላዋለን። ማሽኑ ፊደሉን ብቻ ነው የሚያየው። የቱ እንደሚጠብቅ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በሉ አስተምሩት።”

አሥራ አራቱም ባንድ ላይ ለላፕቶፑ ጮኹለት። ደገመ፤ አሁንም ተሳሳተ። ባሰባቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቅዳሜው የመጨረሻ ሩብ ሰዓት “ድምፁን ማረም” ተባለ። ውብነሽ እንደ “ዋና” እና እንደ “ገና” ያሉ ቃላትን እየለቀመች ታጠምድበታለች፤ ልጆቹ ስሕተቱን ቀድመው ለመያዝ ጆሯቸውን አቁመው ይጠብቃሉ፣ ሲያገኙትም ቤቱን በአማርኛ ያናጉታል። ኑሩ “እቤት ጆሮዬን ልትበሳው ነው፣ አላህ ይስጥዎት” አላት።

እሷም ከልጆቹ ጋር ትስቃለች። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን፣ ሁሉም ከሄዱ በኋላ፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ ትንሽ አልቅሳ ነበር። ያ ድምፅ በዕድሜው “ዋና”ን ተሳስቶ አያውቅም።

ናሆሚ የሌሎች ከተሞች የቅዳሜ አስተማሪዎች በኢንተርኔት በሚገናኙበት ስብሰባ ላይ ውብነሽ ልምዷን እንድትናገር አስገባቻት። ውብነሽ ደብተሯን ይዛ ቀረበች። ማይክን፣ ሰዓትን፣ ኩዊዝን፣ የሽንኩርቱንም ነገር አንድ በአንድ ነገረቻቸው። “ማሽን ሲሳሳት አትደብቁ፤ ልጆቹ ያርሙት” ስትል ኤድመንተን ያለች አንዲት አስተማሪ፣ “ያ የድሮ ድምፅዎ ካለ ለምን ሁሉንም ትምህርት በእሱ አያደርጉትም?” ብላ ጠየቀቻት። ውብነሽ ደብተሯን አጠፈች። “ልጆቹ የሚያውቁኝ በዚህኛው ነው” አለች።

በመስከረም አንድ እሑድ ሀይሉ ከካልጋሪ ወጣ ብላ ወዳለችው ኮክረን እንሂድ፣ ወንዙ ዳር እንቀመጥ አላት። አውራ ጎዳናው ላይ ሲወጡ ተራሮቹ ከፊት ለፊት በረዶ ጀምሯቸው ነበር። ሀይሉ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ “ያን ነገር… አሰሚኝ” አላት።

“ማሽኑን?”

“ማሽኑን አይደለም። ሞላልኝ የላከውን። የእውነቱን።”

ስልኳን ከመኪናው ጋር አገናኘች። እስከዚያ ቀን እሷም ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አልፋ አልሰማችውም ነበር። የሠላሳ አራት ዓመቷ ውብነሽ መኪናው ውስጥ ሆና ስለ ግሥ አስተማረች፤ ጠየቀች፣ ተማሪዎቹ እንዲመልሱ ዝም ብላ ጠበቀች፣ ቀጠለች። በዝምታዎቹ ውስጥ የካሴቱ ሽውታ ይሰማል። አንዴ ሀይሉ የግሡን እርባታ ሊመልስ ሞክሮ ተሳሳተ፤ ውብነሽ በሹክሹክታ አረመችው።

ኮክረን ደርሰው ወንዙ ዳር መኪናውን ፓርክ ሲያደርግ ትምህርቱ ገና አራት ደቂቃ ይቀረው ነበር። ሀይሉ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደና መልሶ ሰበሰበው። ሞተሩ እየሠራ፣ ሁለቱም ወደ ውኃው እያዩ፣ ተቀምጠው ሰሙ።