ዳሞት ላይ የፈለግነው ሰው

አምና በጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ ሰሞን፣ የደረሰብኝን ነገር ባሰብኩ ቁጥር እስካሁን እናደዳለሁ። «ያለፈ ነገር ነው፣ እርሺው» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ያላለፈ ስለሆነ ነው የምጽፈው።

የቦዲቲ ልጅ ነኝ። ሶዶ ከተማ አንድ ኮሌጅ ውስጥ አስተምራለሁ፤ የትምህርት ክፍል ኃላፊም ነኝ። በክፍላችን ከውጭ አገር ተቀጥሮ የመጣ አንድ መምህር አለ። ሚስተር ዴቪድ ልበለው፤ እውነተኛ ስሙ አይደለም። አገሩንም አልጠራም። የአንድ ሰው ጥፋት ላገሩ ሰው ሁሉ መትረፍ የለበትም።

ዴቪድን እወደው ነበር። ተማሪ አያመናጭቅም፣ ክፍል አይቀርም። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳሞት ተራራ መውጣት ልማዱ ነው። ባርኔጣውን ደፍቶ፣ በትሩን ይዞ በማሳው መሃል ሲያልፍ የተራራው ሥር ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል።

የበዓሉ እረፍት ሊጀመር ሲል «ወዴት ልትሄድ አሰብክ?» ብዬ ጠየቅኩት። በኮሌጃችን ደንብ የውጭ አገር መምህራን ከአገር ሲወጡ ማስፈቀድ አለባቸው። እኔ ግን የጠየቅኩት እንደ ኃላፊ አይደለም፤ በዓል ነው፣ ብቻውን እንዳይውል ብዬ ነው።

«የትም አልሄድም፤ እዚሁ ዳሞት እየወጣሁ አርፋለሁ» አለኝ።

«እንግዲያው የጊፋታ ዕለት ምሳ እኛ ጋ ነህ።»

«እሺ፣ እመጣለሁ» አለ። እጄን ጨብጦ ነው እሺ ያለኝ።

የበዓሉ ዕለት ቤታችን ሰው ሞልቶ፣ ሥጋው ተቆርጦ፣ ዳጣው ቀርቦ ዴቪድን ብንጠብቅ የለም። ስልኩ ዝግ ነው። ባለቤቴ «ረስቶት ይሆናል» አለ። እኔ ግን ወደተከራየበት ግቢ ሄድኩ። በሩ ተቆልፏል።

የግቢው ዘበኛ፣ «ሐሙስ ጠዋት ቦርሳውን አንግቦ፣ በትሩን ይዞ ወጣ። ወዴት ነው ስለው ‹ዳሞት› አለኝ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም» አለኝ።

ከሐሙስ ጀምሮ ዝናቡ አላባራም ነበር። ዳሞት ደግሞ ጉም ሲለብስ እዚያው ተወልዶ ያደገውን ሰው እንኳ ያሳስታል።

ለኮሌጃችን ዲን ደወልኩ። «ይመጣል፤ በበዓል ሰው አታስጨንቂ» አለኝ።

«ገደል ገብቶ ቢሆንስ?»

«እኔ እንጃ፤ ይመጣል ባይ ነኝ» ብሎ ዘጋው።

ለፖሊስ አመለከትኩ። ከዚያ ከባለቤቴ ጋር በባጃጅ ተራራው ሥር ወዳለው ቀበሌ በረርን። ሊቀመንበሩ ከዘመዶቹ ጋር ማዕድ ላይ ነበር። ነገሩን በወላይትኛ ነግሬው ሳልጨርስ፣ «ያ ባለባርኔጣው እንግዳ?» ብሎ እጁን ሳይታጠብ ተነሳ። ወጣቶቹ የዮዮ ጊፋታ ጭፈራቸውን አቁመው መጡ። አባወራዎቹ ከየቤታቸው ወጡ። በዓመት አንዴ በሚመጣ በዓል «ነገ እንሂድ» ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

ከመጡት መሃል አቶ ዳና የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ዕድሜያቸው ከአባቴ ብዙም አያንስም።

«አባቴ፣ እርስዎ ይቅሩ፤ መሬቱ ያዳልጣል» አልኳቸው።

«ልጁን አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ዝናብ ይዞት ቤቴ ተጠልሏል፣ ድንች ቀቅለን አብልተነዋል» አሉኝ። «እናቱ ሩቅ ናት። እዚህ ያለነው እኛ ነን።»

ያን ቀን እስኪመሽ፣ በማግስቱም ከማለዳ ጀምሮ ዳሞትን አሰስን። ባሕር ዛፉን፣ ቁጥቋጦውን፣ ገደሉን። «ዴቪድ! ዴቪድ!» እያልን ድምፃችን ተዘጋ። የገደል አፋፍ ላይ በቆምኩ ቁጥር ሬሳውን የማይ እየመሰለኝ ዓይኔን እጨፍን ነበር። ለእናቱ ምን ብዬ እንደማረዳት ሁሉ አስቤያለሁ።

ረፋዱ ላይ ጩኸት ሰማን። አቶ ዳና ወደ አንድ ሸለቆ ሲወርዱ አፈሩ ከሥራቸው ተንዶ ወድቀዋል። ስደርስ አንድ እግራቸው ከጉልበት በታች ተጣሟል። አልጮኹም፤ የጮኸው አብሯቸው የነበረው ሰው ነው። ጥርሳቸውን ነክሰው፣ «እታች ባርኔጣ የመሰለ ነገር አይቼ ነው፤ እዩት» አሉን። ወጣቶቹ ወርደው አዩት። ነፋስ ያመጣው ፌስታል ነበር።

በቃሬዛ ተሸክመን አውርደን ኦቶና ሆስፒታል አደረስናቸው። አጥንቱ ክፉኛ ተሰብሯል፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል ተባለ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አማረች የበዓል ልብሳቸውን እንደለበሱ ደርሰው ኮሪደሩ ላይ ከጎኔ ተቀመጡ። አቶ ዳናን ወደ ውስጥ አስገቧቸው።

እዚያ ተቀምጠን ሳለ ነው ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ መልእክት የደረሰኝ። «ይሄ የኛው ሰው አይደለም እንዴ?» ይላል። አብሮት ፎቶ አለ። ዴቪድ ነው። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ደረቱ ላይ አበባ ሰክቶ፣ ከባሕር ዳርቻ ከሙሽሮች ጎን ቆሞ ይስቃል። ዘመዱ ነው ፌስቡክ ላይ የለጠፈው። አገሩ፣ የወንድሙ ሠርግ ላይ ነው።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። አልዋሽም፤ በሕይወት መኖሩን ሳይ እንባዬ መጣ። ያ ደስታ ግን አንድ ትንፋሽ እንኳ አልቆየም። ዞር ስል የአቶ ዳና ጭቃ የጠጣ ጫማ ወንበሩ ሥር ተቀምጧል።

ወይዘሮ አማረች ፊቴን አይተው «ምነው ልጄ? ሰውየው ተገኘ እንዴ?» አሉኝ።

«ተገኝቷል እማማ። ደህና ነው።»

«ተመስገን! ዳና ሲነቃ ይህን ነው የምነግረው። የት አገኙት?»

ምን ልበል? ፎቶውን አሳየኋቸው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ዳሞት ላይ ባሕር የለም» አሉ።

«የለም። አገሩ ነው ያለው። ሠርግ ላይ ነው።»

ስልኩን መለሱልኝ። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወጥቼ ለዲኑ ደወልኩለት። ሳቀ። እውነቴን ነው፣ ሲስቅ ሰማሁት።

«አላልኩሽም? ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርጉት። እረፍት ሲመጣ ሹልክ ይላሉ፣ ትምህርት ሲጀመር ይመለሳሉ። አውቀን ነው ዝም የምንለው።»

«ታውቅ ነበር?»

«ገምቼ ነበር።»

«ታዲያ ትናንት ስደውልልህ ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዴት በስልክ ይወራል? ነገሩ ከደንብ ውጭ ነው እኮ። አንቺም ፖሊስ ጋ መሮጥሽ ልክ አይደለም፤ የኮሌጁ ስም ይጠፋል።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። አለቃዬ ላይ ስልክ ዘግቼ አላውቅም።

ትምህርት ሲጀመር ዴቪድ ቢሮዬ መጣ። ያገሩን ጣፋጭ በሚያምር ካርቶን ይዞልኛል። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና፣ «እኔን ስትፈልጉ እንደነበር ሰማሁ። አዝናለሁ። ግን ፈልጉኝ አላልኩም እኮ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። «ለምን ሳትናገር ሄድክ?» አልኩት።

«ካቻምና እናቴ ታማ ፈቃድ ጠየቅኩ። ‹ኮሚቴ ይየው› አሉኝ። ኮሚቴው ሳይሰበሰብ እረፍቱ አለቀ። እዚህ የቆዩት ያገሬ ሰዎች ‹አትጠይቅ፣ ዝም ብለህ ሂድ› አሉኝ።»

ይህን አልክድም። ቢሮአችን ለሰው ጭንቀት ግድ የለውም፤ ዲኑን አይቼዋለሁ። ስለዚህም ነው እንዲህ ያልኩት፦ «ቢሮውን ብትዋሸው አልፈርድብህም። እኔን ለምን ዋሸኸኝ? ምሳ ጠራሁህ እንጂ ፈቃድ አልከለከልኩህም። ዘበኛውን ‹ዳሞት› ያልከው ለምንድን ነው? በትርህንስ ለምን ይዘህ ወጣህ?»

በትሩን መናኸሪያው አጠገብ ጥሎት እንደሄደ ኋላ ነግሮኛል።

«ተነሳ» አልኩት። ካርቶኑን አሸክሜው ባጃጅ አስቆምኩ።

አቶ ዳና እቤታቸው፣ በሩ አጠገብ በተዘረጋ አልጋ ላይ ነበሩ። እግራቸው ላይ ብረት ገብቶበታል። ከደጅ፣ ቆፋሪ አጥቶ መሬት ውስጥ የቀረው ድንች መበስበስ ጀምሯል። ወይዘሮ አማረች ዴቪድን ሲያዩ ወደ ጓዳ ገቡ። እንግዳ ገብቶ «ተቀመጥ» ያልተባለበት የወላይታ ቤት ያን ቀን አየሁ።

አቶ ዳና ግን ፈገግ አሉ። «ሠርጉ አማረ ወይ በይው» አሉኝ።

ፌዝ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁት። ተረጎምኩለት። ዴቪድ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። «ይቅርታ፣ ይቅርታ» አለ በአማርኛ።

«አይዞህ» አሉት።

ከጓዳ የወይዘሮ አማረች ድምፅ መጣ፦ «እንባውን እዚህ ለምን አመጣው? ድንቼን እንባ ያወጣልኛል?» እሱንም ቃል በቃል ተረጎምኩለት። መስማት ነበረበት።

አንድ ቅዳሜ መጥቶ ድንች ሲቆፍር ዋለ። ሁለተኛ አልመጣም። ዲኑም በቃል አስጠንቅቄዋለሁ ብሎ ነገሩን ዘጋው። አቶ ዳና ዛሬ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት፤ ተራራውን ከደጃቸው ሆነው ያዩታል።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ምናልባት ይበርድልኝ ነበር። ከወር በፊት ግን ከተማሪዎቼ አንዷ ዳሞት ላይ ከጓደኞቿ ተለይታ ጠፋች። ወዲያው ለቀበሌው ሊቀመንበር ደወልኩ። ያ እጁን ሳይታጠብ የሮጠ ሰው፣ «እርግጠኛ ነሽ እህቴ? ቤተሰቦቿ ጋ ሄዳ እንዳይሆን። መጀመሪያ አጣሪ» አለኝ።

አልተቀየምኩትም፤ ምን ብዬ? ሳጣራ፣ ስማጸን፣ ስምል ጊዜው ሄደ። በመጨረሻ የቀበሌው ሰዎች ወጡ። ልጅቷ እግሯ ወልቆ ዛፍ ሥር ዝናብ ሲደበድባት አገኟት። ተርፋለች። ሳቅፋት «ስጣራ፣ ስጣራ ማንም አልመጣም» አለችኝ።

ሰው ሁሉ ዴቪድን ይቅር በይው ይለኛል። አቶ ዳና ይቅር ብለውታል፤ የተሰበረው የእሳቸው እግር ነው፣ መብታቸው ነው። ያቺ ልጅ ብቻዋን የተጣራችበትን ሰዓት ግን እኔ ማንን ወክዬ ይቅር ልበል?