ከሰርጉ ዝርዝር የተሰረዘው መዝሙር

የመዝሙሩን ዝርዝር ስንት ጊዜ እንደጻፍሁት በትክክል አላስታውስም፤ አራት ጊዜ ይመስለኛል። እህቴ ለተክሊሏ ቀን አጥብቃ የፈለገችው አንድ መዝሙር ብቻ ነበር፤ በሕይወት የሌለችው እናታችን አምባ ጊዮርጊስ ጥጥ እየፈተለች ታዜመው የነበረውን። ከምማርበት ከዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ እየተመላለስሁ ዝርዝሩን ባቀረብሁ ቁጥር የደብሩ መሪጌታ ያንኑ ይሰርዙት ነበር።

«የኔታ፣ እናታችን በአጎታችን ሰርግ ስትዘምረው በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አልሁ።

«ምነው ልጄ! እናንተ ዩኒቨርሲቲ ሑዳዴና ሰርግ አንድ ነው እንዴ? ይኸ ከበሮ የማይመታበት የጾም መዝሙር ነው።»

በንዴት ወረቀቱን ቀደድሁት። እህቴ እያለቀሰች ያለ መዝሙሩ ተዳረች።

ከወራት በኋላ የአጎታችንን ሚስት ሰርጓ መቼ እንደነበረ ጠየቅኋት፤ የልደት ቀኗ የተጻፈበትን የእህቴን የክርስትና ወረቀትም አየሁ። በአጎታችን ሰርግ ዕለት እናታችን እህቴን ከወለደች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነበር፤ ከቤት ወጥታ ሰርጉ ላይ አልተገኘችም።