ከሰፈርህ የራቀውን አስቀድም

የሚያስፈራ ታሪክ በመጻፍ አጎቴን የሚስተካከል አላየሁም። ይህን የምለው ያለ አስተማሪ ፊደል ቆጥሬ ስንት መጽሐፍ የጨረስኩት እኔ ነኝ። አዲስ አንባቢ ሲመጣ «ቤትህ የት ነው?» ይሉና ከሰፈሩ የራቀውን ታሪክ ይሰጡታል፤ ለጥሊሊ ሰው የዘንገናን፣ ለዘንገና ሰው የግምጃ ቤትን።

«ጋሼ፣ ቤቴ ዘንገና ቢሆንም የዘንገናውን ይስጡኝ። እኔ አልፈራም» አልኳቸው።

«እንግዲህ ኋላ እንዳትወቅሰኝ፣ ጀግናው!»

በረንዳቸው ላይ አንብቤ ስመለስ፣ ዘንገና ሐይቅ ዳር በጉሙ ውስጥ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ስቆም ይቆማል፤ ስሄድ ይከተላል፤ ልክ እንደ ታሪኩ። ላብ አጠመቀኝ። ደጃፌ ደርሼ ስዞር አጎቴ ምርኩዛቸውን ይዘው ይስቃሉ።

«ያንን አንብበህ ብቻህን እንዴት ልስደድህ?»

ከቀብራቸው ስመለስ በዚያው መንገድ ደጋግሜ ቆምኩ። ከኋላዬ አብሮኝ የሚቆም ኮቴ አልነበረም።