የሞሳኩ ቢላ መንታ

ሳዮ የአባቷን የተላቀቀ ቢላ በጨርቅ ጠቅልላ ከመደርደሪያዋ በላይ አስቀምጣ ኖራለች። ሲከፋት ታወርደዋለች። ጫፉን በጥፍሯ ስትነካው፣ ግራና ቀኝ ያለበሱት የማይዝግ ብረት ከመሐሉ ጥቁር ስለት ተለይቶ እንደ ደረቀ ቆዳ ይነሳል። አይታ መልሳ ትጠቀልለዋለች። የዚያን ቀን መዶሻዋ ከወትሮው ይበረታል፤ ሰፈሩም ያውቃታል።

የጃፓኗ ከተማ የታኬፉ ሰዎች ቢላን ጥንድ ጥንድ አድርገው ነው የሚቀጠቅጡት። ሁለት ስለት ደራርበው በአንድ እሳት ያግላሉ፣ በአንድ መዶሻ ያሳሳሉ። ቀጭን ብረት ብቻውን ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ አንዱ የሌላውን ሙቀት ይጠብቃል። ሞሳኩ፣ የሳዮ አባት፣ በዚህ ላይ የራሱ ልማድ ነበረው። ጥንዶቹ እንደተደራረቡ፣ እጀታ ውስጥ በሚገባው ጭራቸው ጠርዝ ላይ መሮ አሳርፎ አንዴ ይመታል። የጭረቱ ግማሽ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ላይ ይቀራል። "መንታ እንዳይጠፋፋ" ይል ነበር።

በአንድ ምድጃ አብሮት የሚሠራው ቶኩዞ ነበር። የማይዝገውን ብረት ከጥቁሩ ጋር በእሳት የሚያጣብቀው ቶኩዞ፣ ቀጥቅጦ የሚያሳሳው ሞሳኩ። ከየጥንዱ አንዱ በቶኩዞ ስም፣ ሌላው በሞሳኩ ስም ይወጣል። ታዲያ አንድ ቀን የሞሳኩ ስም ያለበት ቢላ በአንድ የኪዮቶ ምግብ አብሳይ እጅ ላይ ተላቀቀ። አከፋፋዮቹ ቢላውን መልሰው ይዘው መጥተው ሲጠይቁ ቶኩዞ፣ "ይሄ የኔ እሳት አይደለም። እኔ በሌለሁበት ሞሳኩ ብቻውን ያጣበቀው ነው" አለ።

አመኑት። የሞሳኩን ቢላ የሚወስድ ጠፋ። ሞሳኩም በጎረቤት ከተማ የመነጽር ፋብሪካ ወለል ጠራጊ ሆኖ፣ መጥረጊያ እንደያዘ አርጅቶ ሞተ።

ሳዮ የቀዘቀዘውን ምድጃ ስታነድ ቢላ ሠሪዎቹ ሳቁባት።

"አንቺ ልጅ፣ ሩዝሽን ብታበስዪ አይሻልሽም?"

"ምድጃ ምድጃ ነው። እናንተ ሩዙን አብስሉ" አለቻቸው።

ማጣበቅን ለብቻዋ ተማረች። እሳቱ ሲበዛ ጥቁሩ ብረት ይበላሻል፤ ሲያንስ ሁለቱ አይያያዙም። ብዙ አበላሸች። ያበላሸችውን ሁሉ የቶኩዞን ስም እየጠራች ወረወረችው። ውሎ አድሮ የሚወረወር ጠፋ፤ ስሙ ግን ከአፏ አልጠፋም።

በአንድ የመከር ጠዋት የቶኩዞ ምራት ሙትሱኮ ቢላ ይዛ መጣች።

"እትዬ ሳዮ፣ እጀታው በስብሶ እጄ ላይ ዞረ። ሽማግሌው ፍል ውሃ ሄደዋል፤ ሳይመጡ ቀይሪልኝ።"

"እሳቸው ራሳቸው ቢላ ሠሪ አይደሉ እንዴ?"

"ኧረ ተዪኝ! ይሄን ለማንም አያሳዩም። እንደ አይብ የለሰለሰ ቶፉ ብቻ ነው የሚቆርጡበት። አንዴ የዓሣ አጥንት አስነካሁት ብለው እንዴት እንዳኮረፉኝ!"

ሙትሱኮ ስትሄድ ሳዮ እጀታውን አወለቀች። ጭራው ጠርዝ ላይ ግማሽ ጭረት አለ። ጨርቁን አውርዳ ፈታችና ሁለቱን ጭራዎች ገጠመቻቸው። ጭረቱ አንድ ሆነ። በቶኩዞ ቢላ ስለት ላይ ደግሞ ፀጉር የምታህል የዝገት መስመር ትሄዳለች፤ ውስጥ ውስጡን ተላቅቋል። ሁለቱ ከአንድ እሳት ወጥተዋል፤ ቶኩዞ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ያልሸጠው ስለሚያውቅ ነው።

ማግስቱ የወናፍ በዓል ነበር። በዚያ ቀን እሳት ሁሉ ያርፋል፤ ቢላ ሠሪዎቹ ተሰብስበው ሥራቸውን በምድጃው አምላክ ፊት ያኖራሉ፣ መንደሪን ይታደላል። ዘንድሮ አዳይዋ ሳዮ ነበረች። ጥንዶቹን እንደገጠሙ፣ ያለ እጀታ፣ ከቢላዎቹ ሁሉ ፊት አስቀመጠቻቸው።

"ይሄን ራቁቱን የቆመ ነገር ማን አመጣው?" አለ አንዱ እየሳቀ።

"ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጋሼ ቶኩዞ፣ እርስዎም መነጽርዎን ያድርጉ። አባቴ ሲጠርገው የኖረው ፋብሪካ የሠራው ይሆናል።"

ሳቁ ቆመ። ቶኩዞ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ቀና ማለት ግን አቃተው።

"ያረጀ ነገር ነው፣ ልጄ።"

"ልጅዎ አይደለሁም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በዚህኛው ላይ የማን ስም አለ?"

"የኔ።"

"በመንታውስ?"

"የሞሳኩ።"

"እሳቱስ የማን ነበር?"

ሙትሱኮ በር ላይ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። ሽማግሌዎቹ ጭረቱን በጣታቸው እየዳሰሱ ይተያያሉ።

"የኔ ነበር" አለ ቶኩዞ። "ብረቱን ሳላጸዳ አጣበቅኩት። ፈራሁ።"

"ጮክ ይበሉ። አባቴ ሩቅ ነው ያለው።"

"የኔ እሳት ነበር!"

ሳዮ ቅርጫቱን አንስታ መንደሪን ማደል ጀመረች። ለሁሉም በእጁ ሰጠች። ተራው ሲደርስ ቶኩዞ ሁለት እጆቹን ዘረጋ። በእሳት ጠባሳ የተሞሉ እጆች ናቸው፤ የአባቷን እጆች ይመስላሉ። አየቻቸው። አለፈቻቸው። የእሱን ድርሻ በሞሳኩ ቢላ ፊት አስቀመጠች።

ከዚያ ቁጭ ብላ የራሷን ልጣ በላች። እጆቹ እንደተዘረጉ ነበሩ። መንደሪኑ ጣፋጭ ነበር።