ሆስፒታሉ ፌርማታ ላይ የማትወርደው ተማሪ

ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። አባቷ ገና የሕክምና አንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለች «ሐኪሜ» ማለት ጀመረ፤ እናቷም ከእሱ ቀጠለች። ድሮም መቀመጥ የማትወድ፣ ቆማ የምትበላ፣ ክፍሏን እየዞረች የምታጠና ልጅ ነበረች። እናቷ «ምንጣፉን ጨረስሽው» እያለች ትቆጣታለች።

ወረርሽኙ ሲገባ ተማሪው ሁሉ ወደ ቤቱ ተላከ። ወራት አልፈው ሆስፒታሉ ሠራተኛ ሲያጥረው ግን አምስተኛ ዓመቶቹ ተመልሰው ተጠሩ። እሷ የደረሳት መተንፈስ ያቃታቸው ሕሙማን የተኙበት ክፍል ነበር። ሥራዋ ትንሿን መለኪያ በየታማሚው ጣት ላይ እየሰካች፣ በየሰዓቱ የአሥራ ስምንት ሰው ኦክስጅን ማንበብና አልጋው እግር ላይ ባለው ወረቀት መጻፍ ነው። ከዘጠና በታች ከወረደ ለተረኛው ሐኪም መንገር አለባት።

«ቀላል ሥራ ነው» አላት ተረኛው የመጀመሪያ ቀን።

አልነበረም። ፊቷ ተሸፍኖ የሚታየው ዓይኗ ብቻ ስለሆነ፣ ታማሚው ሁሉ ቁጥሩን ከዓይኗ ለማንበብ ያፈጥጥባታል።

አሥራ አንደኛው አልጋ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ሽማግሌ ነበሩ። ትንፋሽ እያጠራቸውም ቀልዳቸው አልጠፋም። «ይሄን ጋውን የሰፋው ሰው ልብስ ሰፊ አይደለም፤ ጆንያ ሰፊ ነው» ይሏታል። ከቀልዱ ቀጥሎ ግን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አለ።

«ስንት ነው ልጄ?»

«ዘጠና አራት፣ አባባ።»

«ከዘጠና ከወረደ ደብቀሽ እንዳትይዢ። ለልጄ እደውላለሁ። የምነግራት ነገር አለኝ።»

«እሺ» አለቻቸው።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መለኪያው ሰማንያ አንድ አሳየ። ሽማግሌው «ስንት ነው?» አሉ። አፏ ከእሷ ቀድሞ «ዘጠና ሁለት» አለ። ወረቀቱ ላይ ትክክለኛውን ጻፈች፤ ሮጣ ለተረኛው ነገረች፤ ኦክስጅኑ እስከሚሄድበት ድረስ ተከፈተ። ከዚያ ውሃ ልትጠጣ ወጣች። መከላከያውን ልብስ አውልቃ፣ ጠጥታ፣ እንደገና ለብሳ ስትመለስ የአሥራ አንደኛው አልጋ አንሶላ ተነስቷል።

ማንም አልወቀሳትም። እንዲያውም ተረኛው «ጎበዝ፣ በጊዜ ነው የነገርሽኝ» አላት። እሷ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጆሮዋ ውስጥ «ዘጠና ሁለት» የሚል የራሷ ድምፅ አልጠፋ አለ።

ሰኞ እንደ ወትሮዋ ጋውኗን በቦርሳ ይዛ አውቶቡስ ተሳፈረች። ሆስፒታሉ ጋ ሲደርስ በሩ ተከፈተ። እግሯ አልታዘዝ አላት። ደረቷ ላይ ሰው የቆመባት ያህል ከበዳት። በሩ ተዘጋና አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ያኔ ነፍሷ መለስ አለች።

በዚያው ቀረች። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ትሄዳለች፤ ትመለሳለች፤ ደግማ ትሄዳለች። ትራፊክ መብራት ላይ ሲቆም አላስቀምጥ ይላታል፤ ተነስታ ትቆማለች። የተሳፋሪዎቹ ማስክ ከፍ ዝቅ ሲል ትንፋሻቸውን ትቆጥራለች። ሰው ካሳለ ወርዳ ሌላ አውቶቡስ ትይዛለች። አመሻሽ ላይ ቤት ስትገባ ያላቆሸሸችውን ጋውን ከደጅ በሙቅ ውሃ ትዘፈዝፋለች።

«ዛሬስ ስንት ሰው ዳነ?» ትላታለች እናቷ።

«ሦስት» ትላለች። በማግስቱ አራት ታደርገዋለች።

አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ የሚሠራው ግን በሌላ መስመር ነበር። የሆስፒታሉን መስመር የሚነዳው ባልደረባው በዝግታው የተነሳ «ቀስ በቀስ» ይባላል። አንድ ቀን ጠዋት የአውቶቡሶቹ ማደሪያ ግቢ ውስጥ «ቀስ በቀስ» ጎማ የሚያይ መስሎ አባትየውን ተጠጋው።

«ልጅህ ትምህርቱን ተወችው እንዴ?»

«ምን ማለትህ ነው? ሆስፒታል ናት እንጂ።»

«ይኸው ስምንት ቀኗ፣ ከእኔ ጋር ነው የምትዞረው። ሆስፒታሉ ጋ ስንደርስ ዓይኗን ትጨፍናለች። መጀመሪያ ሥራ ፈት መስላኝ ነበር። አሁን ግን አንጀቴን በላችው።»

አባትየው መጀመሪያ ደሙ ፈላ። ያን ያህል ዓመት የተለፋው ለዚህ ነው? ማታ ግን ራት ላይ ቆማ ስትበላ አያት። ማንኪያውን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው የገዛ አንጓዋን ጨብጣ የልብ ምቷን ትቆጥራለች። ቁጣው የት እንደገባ አላወቀም። በማግስቱ ከ«ቀስ በቀስ» ጋር መስመር ተለዋወጠ።

አቀርቅራ ስለምትሳፈር ሾፌሩን አላየችውም። በመስታወቱ ግን ያያታል። ሆስፒታሉ ጋ በሩን ከፍቶ ከሚፈቀደው በላይ ጠበቀ፤ ከኋላ ጡሩምባ ተነፋበት። ዓይኗን ጨፈነች። በሩን ዘጋው። እንዲህ ሁለት ዙር ከሄዱ በኋላ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ፤ ሞተሩን አጠፋ።

«ሾፌር፣ አንሄድም እንዴ?» አለች ተቁነጥንጣ።

«እንሄዳለን፣ ሐኪሜ።»

ድምፁን ስትሰማ ክው ብላ ቀረች። ከዚያ መጥታ ከመቀመጫው ጀርባ ያለውን ብረት ያዘች።

«አባዬ፣ አታቁመው። በናትህ ንዳው። ሲቆም ነው የሚያመኝ።»

ሌላ ጥያቄ አልጠየቃትም፤ ሞተሩን አስነሳ። ባዶውን አውቶቡስ በፌርማታው ሰፊ ግቢ ውስጥ ያዞረው ጀመር። እሷም ከጀርባው ቆማ ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ሰማንያ አንዱ፣ ስለ ውሃው ነገረችው። የመስመሩ ተቆጣጣሪ ከቢሮው ወጥቶ «ሰውዬ፣ አበድክ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። አባቷ እጁን በመስኮት አውጥቶ «መሪው እየተሞከረ ነው!» አለና ቀጠለ። ሰባት ጊዜ ዞሩ።

«ገደልኳቸው አይደለም የምልህ» አለች በመጨረሻ። «ልጃቸውን ሳያናግሩ እንዲሄዱ አደረግኳቸው ነው የምልህ።»

«ስለ እሱ ምን እንደምልሽ እኔ እንጃ» አላት። «የማላውቀውን አልነግርሽም። ሞተር ሲንኳኳ ድምፁ እንዳይሰማ ሬዲዮ ከፍ አድርጎ መንዳት ይቻላል። ግን የትም አያደርስም። የሚያውቅ ሰው ጋ እንሂድ።»

የዚያኑ ቀን አብረው ወደ ትምህርት ቤቷ ሄዱ። የተማሪዎች ቢሮ ጸሐፊ «የአእምሮ ሐኪሙ ተማሪ የሚያየው ማክሰኞ ነው» አለች። ቀኑ ረቡዕ ነበር።

«ግዴለም፣ እስከ ማክሰኞ እንቀመጣለን» ብሎ አባትየው ወንበር ሳበ።

ሐኪሙ ሰምቶ ኖሮ ከውስጥ ወጣ። ልጅቷ ወንበር ላይ መቀመጥ እንዳቃታት ሲያይ፣ «እንግዲያው በእግራችን እናውራ» አለና በሕንፃው ዙሪያ ይዟት ሄደ። አራት ወር እንድታርፍ ጻፈላት፤ መድኃኒት አዘዘላት፤ በየሳምንቱም አብሯት ተራመደ። «ውሸቱን እኔ አልሰርዝልሽም» አላት አንድ ቀን። «ብቻሽን እንዳትሸከሚው ግን ላግዝሽ እችላለሁ።»

እናቷ ለጎረቤት «ወገቧን አሟት ነው» ብላ ተናገረች። በወሩ ሦስት የወገብ ቀበቶና አንድ ትራስ ተሰጣት። አራተኛው ቀበቶ ሲመጣ እናትየዋ ራሷ ሰልችቷት፣ በሩ ላይ እንደቆመች «ወገቧ ደህና ነው፤ የታመመው መንፈሷ ነው» አለችና ቀበቶውን መለሰች።

በሦስተኛው ወር፣ ሐኪሙ አጠገቧ ቆሞ፣ ለልብስ ሰፊው ልጅ ደወለችላት። የሆነውን ሳትቀንስ ነገረቻት። ሴትየዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ራሷ ደወለች።

«አባቴ እዚያ ምን ምን ያወራ ነበር?»

ተማሪዋ ስለ ጆንያው ነገረቻት። ከወዲያ የተሰማው ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየችም። «ይቅር ብዬሻለሁ» የሚል ቃል አልመጣም። እሷም አልጠየቀችም።

ስትመለስ ያንኑ ክፍል ከመጀመሪያው እንድትደግም ተደረገ። በመጀመሪያው ሳምንት በር ላይ ሁለቴ አስመለሳት፤ ግን ገባች። አብረዋት የጀመሩት ቀድመዋት ሄደዋል። እስካሁንም አንዳንድ ጠዋት አላስቀምጥ ይላታል፤ መድኃኒቱንም አልተወችም።

አንድ ቀን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ አስቆማት። ረጅም ልጅ ነው፤ በክፍል አንደኛ የሚወጣ። የጋውኑን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶት ይታገላል።

«መታመምሽን እንዴት ብለሽ ነው የተናገርሽው?» አላት ወደ መሬት እያየ። «ለመጀመሪያው ሰው ማለቴ ነው።»

«እኔ መች ተናገርኩ» አለችው። «ተያዝኩ እንጂ።»

ሳቀ፤ ሲስቅ እንባው መጣ። ሰዓቷን አየች። ተራዋ ሊጀምር አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ለተረኛዋ ሲስተር «እዘገያለሁ» ብላ አስታወቀችና ልጁን ክንዱን ይዛ ወደ አእምሮ ሐኪሙ ቢሮ ወሰደችው።