በሰዓዳ ሳጥን ላይ ያልያዘው አበባ

ባለፈው ሳምንት የግቢያችንን በር የሚቀባ ሰው አስመጣን። እኔ እንደ ልማዴ ወንበሬን አውጥቼ ሥራውን እያየሁ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ሰው ሲሠራ ማየት ነው ሥራዬ፤ ቤት ውስጥማ ምን አለኝ። ሰውየው ጣሳውን ከፍቶ ቀለሙን ካማሰለ በኋላ ከኪሱ ትንሽ ጠርሙስ አወጣና ሁለት ሦስት ጠብታ ጨመረበት።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩት።

«ሲሊኮን ነው፣ አባባ። ቀለሙን ያለሰልሰዋል፣ የብሩሽ መስመር አይታይም።»

«በላዩ ሌላ ቀለም ይመጣል?»

«አዎ፣ ጌጡን በወርቃማ እናወጣዋለን።»

«እንግዲያው ይቅርብህ» አልኩት። ሳቅ ብሎ «እሺ አባባ» አለኝና ማማሰሉን ቀጠለ። የሽማግሌ ወሬ መስሎት ነው፤ አልፈረድኩበትም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ በሩን ትቼ ሌላ ነገር ነበር የማየው።

ኮልፌ የገባሁት በጃንሆይ ዘመን መገባደጃ ላይ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሆኜ ነው። ከቢቸና ስነሳ አንድ ዘመድ ይቀበለኛል ተብዬ ነበር፤ ስደርስ ዘመዴ ሥራ አግኝቶ አሰብ ወርዷል። ከሰው ግቢ ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ክረምቱ የኮልፌን መንገድ ጭቃ አድርጎት፣ ከባሕር ዛፉ በኩል የሚመጣው ብርድ አጥንት ይገባል። ማታ ማታ ጎረቤቶቼ በየቤታቸው ሲሳሳቁ እሰማለሁ። ሰው በሞላበት ሰፈር እንደዚያ ብቻዬን የሆንኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ አሁን ያለሁበትን ካልቆጠርኩት።

ሥራ የሰጡኝ ጋሽ ሸምሱ ናቸው። ስልጤ ናቸው፤ የቆርቆሮ ሳጥን ይሠራሉ። ያን ጊዜ ሙሽራ ያለ ሳጥን አትዳርም፤ ልብሷም ሽቶዋም የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው፤ የሠርጓ ዋዜማም ሳጥኑ ግቢ ውስጥ ይቀመጥና ጎረቤት ሁሉ ያየዋል። ልጃቸው ኸድር ቆርቆሮውን ይቆርጣል፣ ያጥፋል፣ ይበይዳል። እኔ እቀባለሁ። መጀመሪያ ቀዩን የዝገት መከላከያ፣ ቀጥሎ አረንጓዴውን ሦስት እጅ ደራርቤ፣ ከደረቀ በኋላ ክዳኑ ላይ ጽጌረዳ። አበባ መሣል ማንም አላስተማረኝም፤ እጄ ላይ የመጣ ነገር ነው።

ምሳ የምታመጣልን ሰዓዳ ነበረች፣ የኸድር ታላቅ እህት። እኔ የእስላም ሥጋ እንደማልበላ ስለምታውቅ ለኔ ቆጮውን በጎመንና በአይብ ለይታ ታቀርብልኛለች። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ አይቡ ይቀራል፣ ጎመኑም በዘይት ይሆናል። ጾሜን ከኔ ይበልጥ ታውቀው ነበር። አንድ ሰኔ ላይ የሐዋርያት ጾም መግባቱን ዘንግቼ አይብ ብጠይቃት «ደሳለኝ፣ አንተ ክርስቲያን ነህ ወይስ አብረን እንስገድ?» ብላ አሳቀችብኝ። በዚያ ከተማ እንዴት አደርክ ብላ መልሱን የምትጠብቅ ሰው እሷ ብቻ ነበረች። ወደድኳት። ምን ዋጋ አለው፤ የሷ ሃይማኖት ሌላ፣ የኔ ሌላ፣ እጄም ባዶ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለሷም ቢሆን።

አንድ ቀን ሳህኑን እየሰበሰበች «በእናንተ አገር ምን አበባ አለ?» አለችኝ። የተልባ ማሳ ሲያብብ መሬቱ ሰማያዊ እንደሚሆን፣ አበባው ጠዋት ተከፍቶ ቀን ላይ እንደሚረግፍ ነገርኳት። «እንዴት ያለ ሰነፍ አበባ ነው» አለች፣ ግን ደስ ብሏታል።

ጥቅምት ላይ ለጅማ ነጋዴ ልትዳር ነው ተባለ። ጋሽ ሸምሱ ለሳጥኑ ሲሉ እንቅልፍ አጡ። «ለሌላ ሰው ልጅ የቀባኸው ላይ የብሩሹ መስመር ይታያል፤ ለሰዓዳ ግን እንዲታይ አልፈልግም» አሉኝና ከአንድ የዕቃ ነጋዴ ያገኙትን ትንሽ ጠርሙስ አመጡ። ፈሳሹ እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው። አረንጓዴውን ሁለት እጅ እንደ ልማዴ ቀብቼ፣ ለሦስተኛው ጥቂት ጠብታ ጨመርኩበትና ቀባሁ። ሲደርቅ ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየነው፤ ፊታችን ይታይበት ነበር።

እኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ጽጌረዳው መሐል ላይ ይሁን፣ በቀኝ ጥግ ደግሞ ሦስት የተልባ አበባ እሥላለሁ፣ እሷ ብቻ የምታውቀው። ጅማ ቤቷ ውስጥ ያ ሰማያዊ ይኖራል፤ ልብስ ልታወጣ በጎነበሰች ቁጥር ታየዋለች። ይኸው ነው። ከዚያ በላይ የምጠይቀው አልነበረኝም።

ብሩሹን ቀዩ ውስጥ ነክሬ ሳሳርፈው ግን ቀለሙ ተሰብስቦ እንደ ጤዛ ተንከባለለ። ጠረግኩት፣ ደገምኩት፣ ያው ነው። ኸድር ጎንበስ ብሎ አየና «አረንጓዴውን ያስተኛው ጠርሙሱ አይደል? ለቀዩም ጨምርለት» አለ። ጋሽ ሸምሱም «ልክ ነው» አሉ፤ ለኔም ልክ መሰለኝ። ጨመርኩ። ቀለሙ ምንም ሳያስቸግር ተኛ። ከጠዋት እስከ አሱር ሶላት ሠራሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ አበባ አልሣልኩም፣ ከዚያ በኋላም አልሣልኩም። ሰዓዳ መጥታ ጥጉን አየች፤ በጣቷ ሰማያዊውን ጠቆመችና ፈገግ አለች። የዚያን ቀን ወደ ክፍሌ ስመለስ መንገዱ አጠረብኝ።

የሠርጉ ዋዜማ ከቀትር በኋላ ሳጥኑ ግቢ ውስጥ ተቀመጠ። ንፋስ አቧራ ስላመጣበት አንዲት አክስቷ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ክዳኑን ጠረግ አደረገችው። ትልቁ ጽጌረዳ እንዳለ፣ ከነቅጠሉ፣ ጨርቁ ላይ ተጣብቆ መጣ። ሴቶቹ ከበቡት። ሌላዋ በጥፍሯ ብትነካው ቀጣዩም እንደ ድንች ልጣጭ ተነሣ።

«ፈግፍጌ እንደገና ልሥለው፣ ጋሽ ሸምሱ» አልኩ።

«ነገ በጠዋት ይሄዳል፣ ልጄ። ርጥብ ቀለም ልብሷን ቢያበላሽባትስ?» አሉና ትከሻዬን ያዙኝ። «ግማሹ ቀርቶ የቆዳ በሽታ ከሚመስል ሁሉም ይነሣ።»

ያነሣሁት እኔው ነኝ። ሰው እየዞረኝ ሲያልፍ ተንበርክኬ አበባዎቼን አንድ በአንድ ላጥኳቸው። ሰዓዳ እጇ ሂና እንደተቀባ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«የተልባውስ?» አለች።

«እሱም ሄዷል።»

«ሌላ ጊዜ ትሥልልኛለህ» አለችኝ። ሌላ ጊዜ እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። «እሺ» አልኳት። ሴቶቹ ጠሯት፣ ገባች።

በማግስቱ ሳጥኑ ላንድሮቨር ላይ ተጭኖ በገመድ ሲታሰር መንገድ ዳር ቆሜ አየሁ። አረንጓዴው ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል፤ ሰዎች «እንዴት ያምራል» ይሉ ነበር። እኔ ግን በላዩ ያለውን ሳይሆን የሌለውን ነበር የማየው። መኪናው ሲሄድ ልጆች ተከተሉት፣ ዘፈኑም አብሮ ራቀ። ከዚያ ሰው ወደሌለበት ሥራ ቤት ሄጄ ብሩሾቼን አጠብኩ። አለቀስኩ ብል አላፍርም።

ነገሩ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ቀለም ፋብሪካ ተቀጥሬ ነው። ሲሊኮኑ ቀለሙ ሲደርቅ ወደ ላይ ይወጣና እንደ ስስ ቅባት ሆኖ ይቀራል፤ በላዩ የሚመጣው ቀለም ይሸሸዋል። ለሁለተኛውም ከተጨመረለት ይዘረጋል፣ ያምራልም፣ ግን መዘርጋት ሌላ፣ መያዝ ሌላ። የታችኛውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ በቲነር ደህና አድርጎ መጥረግ ይሻላል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን አለመጨመር ነው። ይህን ለአዳዲስ ሠራተኞች ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ፤ የት እንደተማርኩት ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ሰዓዳ አምና ጅማ አረፈች። እዚሁ ኮልፌ ወንድሟ ቤት ለቅሶ መቀመጣቸውን ሰማሁና ሄድኩ። ኸድር ጢሙ ነጥቶ፣ ዓይኑ ደክሞ፣ ግን አወቀኝ። ጎን ለጎን ተቀምጠን እንደ ዋዛ «ሳጥኑ የት ደረሰ?» አልኩት።

«አረንጓዴው? አለ እንጂ። እስከ መጨረሻው ከአልጋዋ ራስጌ ነበር። ልጆቿ አዲስ ቁም ሳጥን ሲገዙላት እንኳን እሱን አላስወጣም አለች። ቀለሙ እስከ ዛሬ አንድ ቦታ አልለቀቀም፣ ፊት ያሳያል። ያን የመሰለ ሥራ፤ ማን እንደቀባው እንጃ።»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ኸድር ዞር ብሎ አየኝ። «አንተማ አበባውን ነበር የሣልከው» አለኝ በርኅራኄ፣ «ያን የረገፈውን።»

ለቅሶ ቤት ነው፣ አልተከራከርኩትም። ከዚያ ወዲህ ግን ብቻዬን ስሆን ለራሴ እናገራለሁ። አረንጓዴውን የቀባሁትም እኔ ነኝ፣ ሦስት እጅ። ሃምሳ ዓመት ያህል ከራስጌዋ ነበርኩ፤ እሷ ታውቀው እንደሆነ የምጠይቀው ሰው የለም።